በአውሮፕላን ክንፍ ላይ የቀረው ሰም

ለአዕዋፍ ክንፍን፣ ለሰው ልጅ እግርን አድሎ ሁሉን በየመንገዱ የሚጠብቅ፣ በአካል ሦስት በመለኮት አንድ የሆነ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህን ቃል በእርሱ ስም እጀምራለሁ። የምጽፈው ስለ ራሴ ነውና፣ ብዕሬን ከሐሰት፣ ልቤንም ከውዳሴ ከንቱ እንዲጠብቅልኝ አስቀድሜ እለምነዋለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ የጡረታዬ ስንብት ነው። ከአውሮፕላን ሜዳ ሥራዬ ስሰናበት የፍኖተ ሰላም ሰዎች ድንኳን ተክለው፣ ሰንጋ ጥለው ሸኙኝ፤ አዲስ ጋቢም አለበሱኝ። ከምሳው በኋላ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ተነሥተው፣ “እኒህ አባት በጣልያን ዘመን የጠላትን አውሮፕላን በጧፍ ሰም ከሰማይ ያወረዱ አርበኛ ናቸው” ብለው ተናገሩ። ወንዱ አጨበጨበ፤ ሴቱ እልል አለ። ተነሥቼ “እንዲህ አይደለም” አልሁ። “አዬ ትሕትና!” ብለው ይብስ አጨበጨቡልኝ።

ይህ ወሬ ከነጻነት ማግሥት ጀምሮ ሲከተለኝ የኖረ ነው። ሰሙን በአውሮፕላኑ ላይ ያደረግሁት እኔ መሆኔ እውነት ነው። አውሮፕላኑም ማንኩሳ አጠገብ መውደቁ እውነት ነው። በሁለቱ እውነቶች መካከል ግን አንድ ሐሰት አለ፤ እርሱም የእኔ ነው። በአፌ ልናገረው ስል ጭብጨባው እየቀደመኝ ስላስቸገረ፣ እነሆ በጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ።

ጣልያን ቡሬ ሲሰፍር እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ዲያቆን ነበርሁ። ዳዊት ደግሜ፣ ጾመ ድጓ ዘልቄ፣ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር። በዚያ ሁከት ጉባኤው ተበተነ፤ ተማሪው ግማሹ ወደ አገሩ፣ ግማሹ ወደ ዱር ሄደ። እኔ ለእናቴ አንድ ልጅ ነበርሁና ከቡሬ አልራቅሁም። አንድ ማለዳ ከሌሎች ጎልማሶች ጋራ ታፍሼ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ጉድባ ስደፍንና ጉቶ ስነቅል ዋልሁ። ምን እንደምንሠራ የነገረን አልነበረም። አውሮፕላን መጥታ ስታርፍበት ጊዜ ገባን።

ባሻይ ተወልደን ያወቅኋቸው ያን ሰሞን ነው። ከሐማሴን የመጡ፣ አሥመራ ላይ መካኒክነት የተማሩ፣ ጠጕራቸው ገብስማ የሆነ ሰው ነበሩ። ከጉድባው ዳር ቆመው፣ “ከእናንተ መካከል ፊደል የቆጠረ አለ?” ብለው ጠየቁ።

“ዳዊት እደግማለሁ፤” አልሁ።

“በቃልህ?”

“በቃሌ።”

“መካከል ላይ ሰው ቢያናግርህስ?”

“የኔታ ከመጀመሪያው ያስጀምሩን ነበር።”

አካፋውን ከእጄ ተቀብለው ለጎረቤቴ ሰጡት። “አንተ ና፤” አሉኝ። ሥራዬ እንዲህ ተጀመረ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን አዞረችብኝ። “ወንድሜ ዱር ገብቶ፣ አንተ የጣልያንን ወፍ ልትቀልብ?” አለችኝ። ወንድሟ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ ከአርበኞቹ ጋራ ነበር። አውሮፕላኗ ቦምብ አትጥልም፤ ደብዳቤና ሕመምተኛ ነበር የምታመላልስ። ነገር ግን ደብዳቤው የማን ደብዳቤ ነበር? ይህን ለንስሓ አባቴ ነግሬአለሁ፤ ከአንባቢም አልሸሽግም። እናቴ እኔ የማመጣውን እህል ትቀበላለች፤ እኔን ግን ትክ ብላ ማየት ተወች።

አውሮፕላኗ ትንሽ ነበረች፤ አንድ ሞተር፣ ከሰውነቷ በላይ የተዘረጋ ክንፍ፣ ለአብራሪውና ለሁለት ሰዎች የሚበቃ ሆድ። የቡሬ ሰው “ፌንጣ” ይላታል። ባሻይ ግን “እሜቴ” ነበር የሚሏት። “ዛሬ እሜቴ አኩርፋለች፤ ካንዴላዋን አውጥተህ ጥረግላት፤” ይሉኛል። ሞተሯ በአንድ ጊዜ የተነሣ እንደ ሆነ ደግሞ፣ “አየሃት? በሰላም አድራለች፤” ይላሉ።

ባሻይ ሳይዞሯት አንድም ቀን አትነሣም። ዙረታቸው ከኤሊካው ይጀምራል፤ ኤሊካ የምንለው ከፊት የሚሽከረከረውን ነው። በቀኝ እጃቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳስሱታል፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገውም “ኤሊካ” ብለው ይጠሩታል። ከዚያ ሞተሩን፣ ዘይቱን፣ ጎማውን፣ ክንፉን፣ ጅራቱን፣ ጅራቱን የሚስበውን ሽቦ ሳይቀር፤ እያንዳንዱን ዳስሰው፣ በስሙ ጠርተው እንጂ አያልፉም። “ዐይኔ ትናንት ያየውን ዛሬም ያሳየኛል፤ እጄ ግን የዛሬውን ብቻ ነው የሚያውቅ፤” ይሉ ነበር።

ከዙረቱ መካከል ሰው ያናገራቸው እንደ ሆነ፣ በትሕትና መልሰው ወደ ኤሊካው ይመለሳሉ፤ እንደ አዲስም ይጀምራሉ። አንድ ቀን የጦሩ አዛዥ ተሳፋሪ ሆኖ መጣና ከጅራቱ ላይ ሳሉ ሰላም አላቸው። ሰላምታውን በክብር መለሱ፤ ወደ ኤሊካው ሄዱ። ክንፉ ላይ ሲደርሱ “ምነው ዘገየን?” አላቸው። መለሱለት፤ ወደ ኤሊካው ሄዱ። በሦስተኛው አዛዡ አፉን ይዞ ቆመ። እኔ ከበርሜሉ ኋላ ገብቼ ሳቄን ዋጥሁ።

ነዳጁን በስስ ቆዳ እናጠልለዋለን። ከክንፉ ሥር ካለችው መክፈቻ ጥቂት በብርጭቆ ቀድተን ወደ ፀሐይ እናነሣለን፤ ውኃ ካለበት ከታች እንደ ዶቃ ይቋጠራል። ባሻይ ያችን ብርጭቆ ከፍ አድርገው ሲይዙ፣ ቄስ ጽዋ ያነሡ ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ አሳብ ንስሓ ገብቻለሁ።

አሁን ወደ ሰሙ ልምጣ። በክንፉ አናት ላይ የነዳጁ ማጠራቀሚያ አለ። ከክዳኑ አጠገብ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች አንዲት ቧንቧ ብቅ ብላ ትታያለች። ነዳጁ ወደ ሞተሩ ሲወርድ በምትኩ አየር የሚገባው በእርሷ ነው። እርሷ ከተዘጋች፣ ማጠራቀሚያው ጢም ብሎ ሞልቶም ነዳጁ መውረዱን ያቆማል።

አውሮፕላኗ ያለ ሥራ በምትቆምበት ጊዜ፣ ጭቃ እየጋገረ ጎጆ የሚሠራ ተርብ በዚያች ቧንቧ እየገባ አስቸገረን። ከፋብሪካ የመጣው የቧንቧዋ የቆዳ ክዳን ጠፍቷል። ባሻይ በእንጨት ቢወትፉት ዝናቡ እንጨቱን እያሳበጠ አልወጣ አላቸው። እኔ ጧፍ ስጠቀልል ያደግሁ ነኝና፣ “ጌታዬ፣ በሰም ብንደፍነውስ?” አልሁ።

“በሰም? እሜቴን ቤተ ክርስቲያን ልታደርጋት ነው?”

“ውኃ አያስገባም፤ ተርብ አይቦረቡረውም፤ በጣትም ይነሣል።”

ሞከሩት፤ ወደዱት። ነገር ግን ሥርዓት አበጁለት። በሰሙ ውስጥ የጧፍ ክር ይቀበራል፤ ከክሩ ጫፍ ረጅም ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፤ ጨርቁም ከመሬት የቆመ ሁሉ እንዲያየው ከክንፉ በታች ይንጠለጠላል። ከመነሣቷ በፊት በመሰላል እወጣና ሰሙን በእጄ አነሣለሁ፤ ወርጄም በመዳፌ ላይ አድርጌ አስቀድሜ ለባሻይ፣ ቀጥሎ ለአብራሪው አሳያለሁ። “ሰሙ በመዳፍህ ላይ ካልታየ፣ ሰሙ ክንፉ ላይ ነው፤” አሉኝ። ኤሊካው ከዚያ በፊት አይዞርም።

አብራሪው ኤንዞ ይባል ነበር፤ እኛ ግን በማዕርጉ “ተነንቴ” ነበር የምንለው፤ የመቶ አለቃ ማለት ነው። በዕድሜ እኩያዬ ነበር፤ ሲበላ የሚቸኩል፣ ሲስቅ የሚቸኩል፣ ሲያርፍ ግን እንደ እርግብ የሚያርፍ። እኔን “ፓድሬ” ይለኛል፤ አባ ማለቱ ነው። አማርኛውን ከባሻይ ስለ ለቀመ ትግርኛ ይቀላቀልበታል። ሰሙን ሳሳየው ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ይልለታል፤ ሲቀልድ ነው። ጠላት ነበር ማለት ይቻለኛል፤ ክፉ ሰው ነበር ማለት ግን አይቻለኝም።

በጥቅምት ነው። ሦስት ቀን ደመና ስለ ከበደ እሜቴ ቆማ ሰንብታለች፤ ሰሟም ከነቀይ ጨርቋ በቦታው ነበር። ባሻይ ቀኝ ጎናቸውን እየያዙ ያቃስታሉ፤ ስንጠይቃቸው “ሽሮው ነው፤” ይሉናል። በአራተኛው ቀን ማለዳ ከአውሮፕላኗ አጠገብ፣ ከነዳጁ በርሜል ሥር ወደቁ። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ሆዳቸው ተወጥሯል። ሆድ ቀዶ የሚያክም ሐኪም ያለው ደብረ ማርቆስ ነበር፤ ከቡሬ ወደ ማንኩሳ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ደግሞ ጎርፍ ቈርጦታል።

ተነንቴው ወደ ምሥራቅ አየ። ከጮቄ በኩል ደመናው ዳግመኛ እየተቈለለ ነበር። “ፕሬስቶ! ቶሎ፣ ፓድሬ! ደመና መጣ! ባሻይ ሞተ!” እያለ ጮኸ።

“ገና አልሞትሁም፤” አሉ ባሻይ ዐይናቸውን ሳይገልጡ።

ቃሬዛ አልነበረንም። መሰላሉን አጋድመን፣ ጋቢ አንጥፈን በላዩ አስተኛናቸው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ክንፉ የምወጣበት መሰላል ያ ብቻ ነበር። ሕመሙ እያንፈራገጣቸው ስላስቸገረ ጉልበታቸውን ማሰር አስፈለገ። ገመድ ስፈልግ ዞር ብል፣ ቀዩ ጨርቅ ከክንፉ በታች ሲወዛወዝ አየሁ። ረጅም ነው፤ ለስላሳም ነው። ጎተትሁት፤ መጣልኝ። ሰሙ አብሮ ወርዶ ከሣሩ ላይ የወደቀ መሰለኝ። ወደ ሣሩ አላየሁም። በዚያ ጨርቅ የመምህሬን ጉልበት አሰርሁ።

ተነንቴው ዙረቱን ጀመረ። ኤሊካውን ዳሰሰ፤ ሞተሩን ዳሰሰ። ያን ጊዜ ባሻይ ጮኹ፤ ዘወር አለ። ወደ ኤሊካው ተመልሶ እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት። አልተመለሰም። የቀረውን በዐይኑ ጨረሰው። መዳፌን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልዘረጋሁለትም።

ከመሰላሉ አንሥተን ወደ ውስጥ ስናስገባቸው፣ ባሻይ ክንዴን ያዙኝ።

“ዞራችኋል?”

“ዞረናል፣ ጌታዬ።”

“ሰሙንስ አየኸው?”

ከሣሩ ላይ አለ ብዬ አምኜአለሁ፤ አላየሁትም። መሰላሉን አቁሜ፣ ወጥቼ ብመለስ፣ አንድ መዝሙር የመድገም ያህል ጊዜ አይፈጅብኝም ነበር። ደመናው ግን እየመጣ ነው፤ ተነንቴው ይጮኻል፤ የመምህሬ ከንፈር ደርቋል።

“አየሁት፤” አልሁ።

ክንዴን ለቀቁኝ። ቃሌን አምነው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ከምድር ስነሣ የመጀመሪያዬ ነበር። ከኋላ ሆኜ የባሻይን ራስ በጭኔ ላይ ይዣለሁ። በመስኮቱ ብመለከት አብያተ ክርስቲያናቱ በየደናቸው መካከል ተቀምጠው አየሁ፤ ያገለገልሁበትን ደብር ጉልላት ለየሁት። ከፍርሃቴ ጋራ ደስታ ተቀላቀለብኝ። ማንኩሳ ላይ ስንደርስ ሞተሩ እንደ ጉንፋናም ሰው ሁለት ጊዜ ሳለ። ተነንቴው አንዱን እጀታ ገፋ፤ ሌላውን ሳበ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳለና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የነፋስ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ዐይኔን ወደ ባሻይ ጉልበት ጣልሁ። ከመሰላሉ ስናነሣቸው ቀዩ ጨርቅ ከጉልበታቸው ሳይፈታ ቀርቷል። ከጫፉ የተበጠሰ የጧፍ ክር ተንጠልጥሏል። ሰም የለበትም።

“ሰሙ!” ብዬ ጮኽሁ። ተነንቴው አልሰማኝም፤ ቢሰማኝም ከሰማይ ላይ ወደ ክንፉ የሚያወጣ መሰላል አልነበረም።

አወራረዱን ግን ላመስግነው። ከጤፉ ማሳ አለፈ፤ ከከብቶቹ አለፈ፤ የግጦሹን ሣር መረጠ። ጎማዎቹ በለሰለሰው መሬት ሮጡ፤ ከመጨረሻው ላይ አንድ ቦይ ያዛቸውና እሜቴ በአፍንጫዋ ተደፋች። ባሻይ ራሳቸውን ሊደግፉ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። እጃቸው ከመቀመጫው ብረት ሥር ተያዘች። የአጥንቱን ድምፅ ሰምቼአለሁ፤ እስካሁንም አልረሳሁትም።

ገበሬዎች ከየማሳው ተሰበሰቡ፤ ማጭድ የያዘ፣ ሽመል የያዘ፣ አንዱም ጠመንጃ የያዘ ነበር። ከፊት የመጡት አያ ቢተው የሚባሉ ንብ አናቢ ሽማግሌ ናቸው።

“አንተ፣ ሰው ነህ?” አሉኝ።

“ዲያቆን ነኝ፣ አያ።”

“ዲያቆን ከሰማይ መውረድ የጀመረ ከመቼ ወዲህ ነው?”

“መልአክ ይሆናል እንጂ፤” አለ አንዱ ከኋላ።

“ዝም በል አንተ! መልአክ እንዲህ ይንቀጠቀጣል?”

ጠመንጃ የያዘው ሰው ግን አልሳቀም። “ይህንንስ ምን እናድርገው?” አለ አፈ ሙዙን ወደ ተነንቴው አዙሮ። ተነንቴው ሸሚዙን ቀድዶ የባሻይን እጅ ይጠቀልላል፤ ቀና ብሎም አላየ። አያ ቢተው ጥቂት ተመለከቱት። “ቃሬዛ የተሸከመ ሰው አይተኰስበትም። በሽተኛው ይድረስና ከዚያ እናያለን፤” አሉ። “ጎበዝ፣ እንጨት ቍረጡ! አንተም ፈረንጅ፣ ትከሻህን አምጣ!”

ቃሬዛው እስኪሠራ ድረስ ተነንቴው ወደ ክንፉ ወጣ። የማጠራቀሚያውን ክዳን ሲከፍተው፣ ማጠራቀሚያው እንደ ተጠማ ሰው አየሩን ፉት ብሎ ሳበው። ተነንቴው በአውራ ጣቱ ሰሙን ፈልቅቆ አወጣ፤ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ሰሙን በኪሱ ከተተ።

አያ ቢተው ከክንፉ ሥር ቆመው አይተዋል። ሰም የሚያውቁ ሰው ናቸው። “የጧፍ ሰም አይደለም እንዴ?” ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ፤ ዐይናቸውንም ጠቀስ አደረጉ። “አበጀህ! ዲያቆን ማለት እንዳንተ ነው!” አይደለም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ፈረንጁን ፈርቼ የምሸሽግ መሰላቸው። ወሬው የተወለደ ያን ሰዓት ነው።

ባሻይን በየመንደሩ ትከሻ እየተቀያየረ ተሸከምናቸው። በደረስንበት ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ “እግዜር ይማርዎ” ብሎ ይቀበላል፤ እስከሚቀጥለው መንደር ያደርሳል። ተነንቴውን ግን የተካው አልነበረም። አንድ ወንዝ ዳር ሲደርስ ቃሬዛው ከትከሻው ሊያመልጠው ደረሰ። አያ ቢተው ትከሻቸውን ከቃሬዛው ሥር አስገቡ። “በቃህ፤ ውኃ ጠጣ። አሁን ሰው መስለሃል፤” አሉት። ያን ጊዜ ወጀት ትባል ወደ ነበረችው ወደ ዛሬይቱ ፍኖተ ሰላም ስንቃረብ፣ ገበሬዎቹ የጦር ሰፈሩ ሳያያቸው ቃሬዛውን በቀስታ አስቀምጠው ተመለሱ። ጠመንጃ የያዘውም ሰው ከእነርሱ ጋራ ሄደ። ባሻይ ከዚያ በመኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ተወሰዱ።

በማግሥቱ ተነንቴውና እኔ በመርማሪ ሹም ፊት ቆምን። “አውሮፕላኑን ያዘጋጀ ማን ነው?” ተባለ። የሰሙ ነገር ቢነገር፣ የአርበኛ የእኅት ልጅ የነዳጅ ቧንቧ ዘጋ ተብሎ አንገቴ ገመድ ውስጥ እንደሚገባ አውቃለሁ። ተነንቴው በአስተርጓሚ አፍ እንዲህ አለ፦ “አብራሪው እኔ ነኝ። ሳልዞር ተነሣሁ። ሌላ ሰው የለበትም።” ከሥራው ተሽሮ ተወሰደ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

ባሻይ ወደ ቡሬ የተመለሱት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሆዳቸው ድኗል፤ ከቀኝ እጃቸው ግን ሁለት ጣት ጎድሏል። ከበርሜል ላይ ተቀምጠው አስጠሩኝ። በተረፉት ጣቶች ከመሐረባቸው ሰሙን አወጡ። የተነንቴው አውራ ጣት አሻራ በላዩ ታትሟል።

“ሆስፒታል መጥቶ ሲሰናበተኝ ሰጠኝ። ‘ለፓድሬ ስጠው፤ እኔም መዳፉን ሳልጠይቅ ቀረሁ በለው’ አለኝ።”

ከእግራቸው ላይ ወደቅሁ። “ጌታዬ፣ አየሁት ያልሁዎ…”

“አውቃለሁ። ክሩን ጉልበቴ ላይ አየሁት፤ ገና ከላይ ሳለን።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?”

“ምን ላድርግ? ከሰማይ ላይ ልገርፍህ ኖሯል?” ሣቁ፤ ስፌቱ አመማቸውና ሆዳቸውን ያዙ። ከዚያ ኮስተር አሉ። “ጥያቄዬን ልድገመው፣ ዲያቆን። ሰሙን አየኸው?”

“አላየሁትም፣ ጌታዬ።”

“እንግዲያው አሁን እየው።” በመዳፌ ላይ አኖሩት፤ ጣቶቼንም አጠፉልኝ። “ከነገ ጀምሮ አንተ ትዳስሳለህ፤ እኔ ስሙን እጠራለሁ። ይህች እጅ ሥራዋን ጨርሳለች።”

እንዲሁም ሆነ። በመጣልን ሌላ አውሮፕላን ዙሪያ እርሳቸው ምርኩዝ ይዘው ከኋላዬ ይከተሉኛል፤ “ኤሊካ” ይላሉ፤ እኔ እዳስሳለሁ። ሰው ያናገረን እንደ ሆነ ሁለታችንም እንመለሳለን።

ጣልያን ከወጣ በኋላ አያ ቢተው ሁለት ምስክሮች አስከትለው ወደ ቤታችን መጡ። “ለሜዳል ስምህን እናስጽፋለን፤ እኛ እንመሰክራለን፤” አሉ። እናቴ ከጓዳ ወጣች። ለዓመታት ትክ ብላ ያላየችኝ እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። “ለካ እንዲህ ነበር ያሰብኸው፣ ልጄ! እኔ ደግሞ ስንት ቀን አኮረፍሁህ!” አለችና አለቀሰች።

ሜዳሉን እንደማልቀበል ተናገርሁ። ምክንያቱን ግን አልተናገርሁም። አያ ቢተው “ትሑት ነው” ብለው ሄዱ፤ እናቴም ኮርታብኝ ሞተች። ባሻይ አገራቸው ገብተው ማረፋቸውን በደብዳቤ ስሰማ፣ እውነቱን የሚያውቁ በዚህ አገር ንስሓ አባቴና እኔ ብቻ ቀረን። ዝም ያልሁት ስለ እናቴ ነው ስል ኖርሁ፤ እርሷ ካረፈች ግን ብዙ ዓመት ሆኗታል።

ከነጻነት በኋላ በጎጃም ባሉ ሜዳዎች ሁሉ ስሠራ ኖሬአለሁ። ደግ አለቃም፣ ቍጡ አለቃም አይቼአለሁ። ወጣት አብራሪዎች “አባ ዙረት” የሚል ስም አውጥተውልኛል። በሥራዬ የመጨረሻ ቀን፣ አንዱ ሞተሩን ሊያስነሣ ተቀምጦ፣ “አባባ፣ ዞረዋል?” ብሎ ጠየቀኝ። ከክንፉ ላይ ሳለሁ አንድ ሰው ደኅና ሁኑ ብሎኝ ነበርና፣ “አልዞርሁም” አልሁት።

“ኧረ አባባ፣ ደመናው ሊቀድመን ነው!”

“ይቅደማ፤ ሰማዩ የእርሱ ነው፤” ብዬ ወደ ኤሊካው ተመለስሁ።

ሰሙ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋራ አለ። ጧፍ አድርጌ ለመምህሬ መታሰቢያ ላበራው ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ፤ የዚያን ሰው አሻራ ማቅለጥ ግን እጄን ያዘኝ። ይህን ስጽፍ በግራ መዳፌ ላይ ይዤዋለሁ። ባሻይ ዳግመኛ ቢጠይቁኝ፣ አንባቢዎቼ ምስክሮቼ ሁኑ፦ አየሁት፤ አሳየሁትም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የምትወጡበትን የምትገቡበትን መንገድ እግዚአብሔር ያቅናላችሁ። ማዕዳችሁን ይባርክ፤ ልጆቻችሁን ከችኮላ ይጠብቅ፤ ስትሳሳቱም እጃችሁን አጥፎ እውነትን የሚያስይዛችሁ ሰው ከቤታችሁ አያጥፋ። አሜን።